በመካከላችን የተጋደመው እንጨት

ከቆላ ተመልሶ ብርድ ብርድ የሚለው ሰው፣ «እኔ እኮ እዚያ ምንም አልቀመስኩም» ብሎ ከመኩራቱ በፊት እኔን ይስማኝ። እኔም እንደዚያ ስል ነበር። ለመድኃኒተኛው አልኩ፣ ለጎረቤቴ አልኩ፣ ለአማቴ አልኩ፣ መጨረሻ ላይ ለሐኪሙ ሳይቀር አልኩ። ከበሽታው ይልቅ ያንገላታኝ ይህ አፌ ነው።

የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው ግን ልጄ መዲና ናት። እኔ ልጅ ሆኜ ሸኽ ዘንድ ቁርአን ቀርቻለሁ እንጂ ያማርኛ ፊደል ላይ እጄ አይፈታም። «አባዬ፣ ቀስ ይበሉ» እያለች ታስቆመኛለች። ነገሩ የሆነው እሷ ገና ዓመት ከጥቂት ወር ሳለች ስለሆነ አንዱንም አታስታውሰውም። ስለዚህ ልታርመኝ አትችልም፤ አልሐምዱሊላህ።

ሸማኔ ነኝ። ስሜ ሙሐመድ ነው፤ ደሴ ግን ሙሄ ካላሉኝ ማንን እንደፈለጉ አላውቅም። ከቤታችን ጎን ባስጠጋኋት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሽመና ጉድጓዴ አለ። ሸማኔ ሲሠራ አይቶ ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ እግራችንን ጉድጓድ ውስጥ ሰደን፣ አፋፉ ላይ ተቀምጠን ነው የምንሠራው። ሚስቴ ዘሀራ ትፈትላለች፣ እኔ እሸምናለሁ፣ መዲና ደግሞ የሁለታችንን ሥራ ታፈርሳለች። በዳዴ እየመጣች ድር ትበጥሳለች። መወርወሪያዬን ሰርቃ ውሃ ውስጥ ትነክራለች። አመድ ቅማ አፏን ነጭ አድርጋ ትስቅብናለች። ሁሉን ፈጽማ ስትጨርስ ጭኔ ላይ ትወጣና እግሯን እንደኔ ወደ ጉድጓዱ ታንጠለጥላለች፤ በቃ፣ የዚያን ቀን ሥራ አበቃ። «ኧረ ተይ አንቺ ልጅ!» እላታለሁ። «ተይ» የምትለዋን ቃል በቀን ስንቴ እንደምላት እኔ ነኝ የማውቀው። ልቤ ግን ተይ አይላትም ነበር።

ያን ጊዜ ጣልያን አገሩን ይዞ መንገድ የሚያስጠርግበት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሠራተኛው በዝቷል፣ ጋቢ ይፈለጋል ሲባል ሰምቼ የሸመንኩትን ተሸክሜ ወረድኩ። ያረፍኩት ቦርከና ወንዝ አጠገብ፣ የአጎቴ ልጅ ቤት ነው፤ አሥራ ሁለት ሌሊት አደርኩ። እኛ ደገኞች ያን ጊዜ ስለ ንዳድ የምናውቀው አንድ ነገር ነበር። ንዳድ ማለት ዛሬ ወባ የምትሉት ነው። የቆላ እሸት የበላ፣ ጥንቅሽ የመጠጠ፣ የቆላ ወተት የጠጣ ሰው ይያዛል፤ ያልቀመሰ አይያዝም። ይህ ነው የምናውቀው። ስለዚህ ዘሀራ በሶና ዳቦ ቆሎ ሰንቃልኝ እሱን ብቻ በላሁ። የአጎቴ ልጅ ሚስት የበቆሎ እሸት ጠብሳ ብታቀርብልኝ «ወላሂ አልቀምስም!» ብዬ ማልኩ። ሴትየዋ እስክመለስ ድረስ አኮረፈችኝ። ማታ ማታ ቢንቢው ሲፈጀኝ ግን እያከክሁ እተኛ ነበር። ቢንቢ ደግሞ ማንን ገደለ!

ደሴ ከተመለስኩ አሥር ቀን ያህል ቢሆነኝ ነው። ከቀትር በኋላ ተቀምጬ ስሸምን እግሬ መርገጫውን አልረግጥ አለኝ። ወዲያው ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። ፀሐይ ወጥታ ሳለ ብርድ! ዘሀራ ቤት ያለውን ልብስ ሁሉ ብታለብሰኝ መሞቅ የለም። ከዚያ ተገላብጦ እሳት ሆንኩ፤ ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። ማታ ላብ አጠመቀኝና ለቀቀኝ። በማግስቱ ምንም እንዳልነካኝ ሆኜ ተነሣሁ፤ እህል እንኳ በላሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ያው ሰዓት ሲደርስ፣ ያው ብርድ መጣ።

ከደሴ ዙሪያ አንድ መድኃኒተኛ መጥቶ «ምች ነው» አለ። ዳማከሴ አሽቶ አሸተተኝ፣ ጭማቂውን አጠጣኝ። በማግስቱ ደህና ሆንኩ። ደስ ብሎኝ ጋቢ ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ጣለኝ። አንድ ሸኽ ዱዓ አደረጉልኝ፤ በማግስቱ ደህና ሆንኩ፣ በሦስተኛው ቀን ተንቀጠቀጥኩ። ዘመድ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት አመጣልኝ፤ በማግስቱ ደህና። ወላሂ ያን ሰሞን የነካኝ ሁሉ ፈዋሽ ነበር። በሽታው ራሱ አንድ ቀን እየለቀቀኝ፣ እኛ ምስጋናውን ለመጣው ሁሉ እንሰጥ ነበር።

መድኃኒተኛውን አልወቅሰውም። ጠይቆኛል እኮ። «ቆላ ወርደህ ነበር?» አለኝ።

«ወርጃለሁ። ግን የቆላ እህል ባፌ አልዞረም።»

«እንግዲያማ ንዳድ አይደለም» አለ። እኔም፣ የጥንቃቄዬን ነገር ሰው አወቀልኝ ብዬ ኮራሁ።

ሦስት ሳምንት ሲያልፍ ከሰውነቴ የቀረው አጥንት ነው። ያኔ አያ ይማም መጡ። አያ ይማም ጎረቤታችን ናቸው፤ በወጣትነታቸው ወታደር ሆነው ጦር ሰፈር ውስጥ ተስቦ ይዟቸው የተረፉ ሰው። ተስቦ ከሰው ሰው የሚጋባ፣ ቤት ከገባ ቤቱን የሚያራቁት በሽታ ነበር፤ ታሞ የዳነ ሰው ግን ሁለተኛ አይያዝም ስለሚባል፣ ሌላው ሲሸሽ አስታማሚ የሚሆነው እሱ ነው። ግንባሬን ዳሰሱ፣ ምላሴን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሙሄ፣ ይህስ ተስቦ ነው» አሉኝ።

ወሬው ኩታበር ደርሶ አማቴ እማ ከድጃ በማግስቱ ከች አሉ። እሳቸው ሁለት ወንዶች ልጆች በአንድ ተስቦ የቀበሩ ሴት ናቸው። በሽመና ክፍሌ ወደተኛሁበት መደብ አልቀረቡም፤ ከደጃፉ ሆነው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆሙ።

«አብሽር ልጄ። አላህ ያሽርህ» አሉ። እንባቸው መጣ። «ይህችን ሕፃን ግን አታስጠጋትም። እኔ እያስጠጋሁ ነው የጨረስኳቸው።»

ያለ ሥራ የቆመውን የሸማ መጠቅለያ እንጨቴን አንሥተው በክፍሉ መግቢያ ላይ አጋደሙት። ከግራና ከቀኝ በድንጋይ ላይ አስቀመጡት፣ ከሥሩ ጆንያ ጠቀጠቁበት። ካዋቂ ጉልበት አይደርስም፤ ለመዲና ግን ግንብ ነው። «አንቺና ልጅሽ ከዚህ ወዲህ፣ እሱ ከዚያ ወዲያ» አሏት ዘሀራን። ዘሀራ ወደኔ አየች። እኔ ምን አልኩ? «ደግ አደረጉ እማ» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። መዲናን ከምነካት እንደተኛሁ ብሞት ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያስታመሙኝ አያ ይማም ናቸው። ያገላብጡኛል፣ ያጥቡኛል፣ ልብሴን ይቀይሩልኛል። ምግቤን ዘሀራ ከእንጨቱ ማዶ ታኖርልኛለች። ከአንድ ወር በላይ እጇን አልነካሁም። ሚስቴ እዚያው ናት፣ ልጄ እዚያው ናት፣ ሳቃቸውንም ለቅሷቸውንም እሰማለሁ፣ ለቤታቸው ግን እንግዳ ሆንኩ። ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቀውን አላህ አያሳውቀው።

መዲና እንጨቱን ወደደችው። ጠዋት ጠዋት በዳዴ መጥታ ትይዘውና ትንጠላጠላለች። ጣሳ አምጥታ ትደበድበዋለች። ከራሷ አፍ ያወጣችውን ዳቦ ወደኔ ትወረውርልኛለች፤ አይደርስም። ደህና በምሆንበት ቀን ከቀትር በኋላ መንዙማ አንጎራጉርላታለሁ፤ እሷም ከእንጨቱ ማዶ ተቀምጣ ታጨበጭባለች። አንድ ቀን እንጨቱን ይዛ ብድግ ብላ ቆመች። ከዚያ ደገፍ እያለች አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደች። «ዘሀራ! ኧረ ነይ እይ! ሄደች!» ብዬ ጮህኩ። ልጄ መሄድን የተማረችው እኔን በከለከላት እንጨት ላይ ነው።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። መዲና፣ ይህንንም ጻፊው።

የብርዱ ቀን ነበር። እየተንቀጠቀጥኩ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ዘሀራ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች፣ እኛው ዘንድ የሰነበቱት እማ ከድጃ ጓዳ ናቸው። ፊቴ ላይ ትንሽ፣ እርጥብ እጅ አረፈ። ዓይኔን ስከፍት መዲና ናት። እንዴት አድርጋ እንጨቱን እንደተሻገረች አላውቅም፤ በሆዷ ተገልብጣ መሆን አለበት። አጠገቤ ቆማ፣ አፍንጫዬን ይዛ ትስቃለች። ያ አላህ! ነክታኛለች! «ተይ!» አልኩ፤ ከአንጀቴ ነው የጮህኩት። ራስጌዬ የነበረውን ዱላ አንሥቼ ከእግሯ ሥር መሬቱን መታሁት። ልጅቷን አልነካኋትም፤ ግን ወደ ኋላዋ ወደቀች። መጀመሪያ አላለቀሰችም። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ለቅሶው የመጣው በኋላ ነው።

እማ ከድጃ ሮጠው ነጠቋትና ቆዳዋ እስኪቀላ ድረስ በሙቅ ውሃ አጠቧት። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ። ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚል ካለ፣ በዚያ ቀን እኔ ቦታ ይተኛና ይሞክረው።

ከዚያ ወዲያ መዲና እንጨቱን ተሻግራ አታውቅም። ትመጣለች፣ ትቆማለች፣ እጇን ወደኔ ልትዘረጋ ትልና ትመልሰዋለች። ከዚያ ለራሷ «ቴይ» ትላለች። ከእናቷ ስም በፊት፣ ከእኔም ስም በፊት፣ አጥርታ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

ነገሩን የደረሰችበት ዘሀራ ናት። አንድ ቀን ከእንጨቱ ማዶ ቁጭ ብላ እየፈተለች፣ መዲና ደግሞ መንዙማውን ጀምርልኝ ለማለት እያጨበጨበች፣ እኔ ብርዱ ይዞኝ መልስ ሳልሰጥ፣ ድንገት እንዝርቷን አስቀመጠች።

«አንድ ቀን ታንጎራጉራለህ፣ አንድ ቀን ትንቀጠቀጣለህ» አለች።

«እሺ፣ ምን ይሁን?»

«ስምንት ቀን ሙሉ ቆጠርኩ። አንዴም አልተሳሳተም። ይህ ትኩሳት ቀን ያውቃል ሙሄ።»

አያ ይማም ሲመጡ ገና ሳይቀመጡ ጠየቀቻቸው። «አያ ይማም፣ እርስዎን ተስቦ ሲይዝዎ አንድ አንድ ቀን እየለቀቀዎ ነበር?»

አያ ይማም ጺማቸውን ያዙ። «የለም ልጄ» አሉ። «እኔንስ አንዴ ያዘኝ፤ እስኪለቀኝ ድረስ ያዘኝ።»

«እንግዲያ ወደ ሐኪም እንሂድ።»

እማ ከድጃ ከጓዳ ሆነው «ጣልያን ዘንድ? ተስቦ የያዘውን ሰው ቤት ያቃጥላል ይባላል እኮ!» ብለው ጮኹ። ይባል ነበር፤ እውነት ይሁን ውሸት እኔ አላየሁም። ደግሞም አገር በያዘ ሰው እጅ መዳን ራሱን የቻለ ሐፍረት ነው፤ እኔም አልሄድም አልኩ። ዘሀራ መዲናን አዝላ ተነሣች። «አንተ እዚህ ተኝተህ ብትሞት ለዚች ልጅ ምን ብዬ ልነግራት ነው? አባትሽ አፍሮ ሞተ ልበላት?» አለችኝ።

የሄድነው ሆን ብለን በብርዱ ቀን ነው። «በደህናህ ቀን ብትሄድ ምን ያዩልሃል?» ያለችው እሷው ናት። እኔን አያ ይማም ደግፈውኝ፣ ዘሀራ መዲናን አዝላ በሩቁ እየተከተለች፣ ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ ከተሰለፈው ሕመምተኛ ጋር ተቀመጥን። ከቀትር በኋላ ብርዱ ሲጀምረኝ አጠገቤ የነበሩት ሁሉ ሸሹ። ያ ሁሉ ሕመምተኛ ተጨናንቆ፣ እኔና አያ ይማም ዙሪያችን ባዶ ሆነ። አንዲት ዓይኗን የታመመች አሮጊት ብቻ አልተነሣችም። ጋቢዋን አውልቃ ጣል አደረገችልኝና «እኔ እንደሆነ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ» አለችኝ። ስሟን ሳልጠይቃት ቀረሁ። አላህ ጀነትን ይስጣት።

ሐኪሙ ጣልያን ነው፤ የሚያስተረጉምለት ግን ያገራችን ልጅ ነው። ልጁ ጣቴን በመርፌ ወግቶ ደሜን በቀጭን መስታወት ላይ ቀባ። ሐኪሙ በማጉያ መነጽር ጎንበስ ብሎ አየው፤ ቀና ብሎ አንድ ቃል ተናገረ። ልጁ ወደኔ ዞረ።

«ንዳድ ነው» አለኝ።

ከሞት አፋፍ ላይ ሆኜም ክርክሬን አልተውኩም። «አይሆንም! ኮምቦልቻ አሥራ ሁለት ቀን ስቀመጥ እሸት አልቀመስኩም፣ ወተት አልቀመስኩም፣ ጥንቅሽ ባፌ አልገባም። ስንቄን ነው የበላሁት!»

ልጁ ሳቀ። «አባባ፣ ቢንቢ ነክሳዎታለች?»

«ቢንቢማ ጠግባ ነው የሸኘችኝ።»

«እሷ ናት። በመብል አይደለም። ከታመመ ሰው ደም ትመጥና ወደ ጤነኛው ታጋባለች።» ከዚያ ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ቢሻልዎም እስከ መጨረሻው ይዋጡት።»

እኔ ግን የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። «ልጄን... ሰው በመንካት ይጋባል?» አልኩት።

«ንዳድ? በመንካት? በፍጹም።»

ወደ ደጃፉ ዞርኩ። ዘሀራ ከሩቅ ቆማ ታየኛለች፤ መዲና ጀርባዋ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። የዳንኩ ያህል ደስ ሊለኝ ሲገባ ዓይኔ ላይ የመጣው ያ እንጨት ነው። ያ ሁሉ ቀን። ያ ዱላ። ምንም ሳይኖር!

ኪኒኑ መራራ ነው፤ ጆሮ ውስጥ ይጮሃል፣ ምግብ ያስጠላል። በአራተኛው ቀን ብርዱ ሲተወኝ «በቃኝ፣ ድኛለሁ» አልኩ። ዘሀራ ይህን አውቃ ኪኒኑን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራው ኖሯል፤ አፌን አስከፍታ እንደ ሕፃን እያዋጠች አስጨረሰችኝ። ታማችሁ ኪኒን የተሰጣችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ እንደኔ ያለ ጉረኛ አትሁኑ። ዘሀራን የመሰለች ከሌላችሁ ደግሞ ራሳችሁን ጠብቁ።

እንጨቱን ያነሡት እማ ከድጃ ራሳቸው ናቸው። ማንም አላዘዛቸውም። አንሥተው ታቅፈውት ቆሙ፤ «በከንቱ ለየኋችሁ» አሉ። እጃቸውን ይዤ ሳምኩት። እኔም ፈርቼ ነው፣ እሳቸውም ፈርተው ነው። የቀበሩትን የሚያስታውስ ሰው ፍርሃት አይፈረድበትም። እሱን ከልቤ ነው የምለው።

አሁን እንጨት የለም። በክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። «መዲና! ነይ የኔ እናት! ነይ ወደ አባትሽ!»

መዲና በሁለት እግሯ ዱብ ዱብ እያለች መጣች። እንጨቱ የነበረበት ቦታ ስትደርስ ቀጥ አለች። እግሯን አየች፣ እኔን አየች። «ቴይ» አለች፤ ተመልሳም ሄደች።

ተሻግሬ ሄጄ ላቅፋት እችል ነበር። ሞክሬያለሁም፤ ሳቅፋት ዓይኗ ዱላው ወደነበረበት ይሄዳል፣ ሰውነቷ ይደርቃል። ዘሀራ «ተዋት፣ ራሷ ትምጣ» አለችኝ። ሦስት ቀን ጠበቅሁ፣ አምስት ቀን ጠበቅሁ። እኔ ወዲያ፣ እሷ ወዲህ፣ በመካከላችን ባዶ መሬት። ጉልበቴ መለስ ሲል ዱላውን ሰብሬ ማገዶ አደረግሁት። እንጨቱን ወደ ሽመናዬ መለስኩና ድር ዘረጋሁ፤ ከሁሉ በፊት የምሸምነው ለሷ ትንሽ ኩታ ነው።

ከቀትር በኋላ ነበር። ያ የብርዱ ሰዓት ደርሶ፣ ቢመጣብኝስ ብዬ እየፈራሁ፣ ሳይመጣ ሲቀር ሳላስበው መንዙማዬን ማንጎራጎር ጀመርኩ። ከኋላዬ ጭብጨባ ሰማሁ። ቀስ ብዬ ዞርኩ። መዲና መግቢያው ላይ፣ ያው ቦታዋ ላይ ቆማለች። አላናገርኳትም፤ ማንጎራጎሬን ብቻ ቀጠልኩ። አንድ እጇን የበሩ መቃን ላይ አደረገች። ከዚያ አንድ እግሯን ከፍ፣ ከፍ፣ እስከቻለችው ድረስ ከፍ አድርጋ የሌለውን እንጨት ተሻገረች። ሁለተኛውንም እግሯን እንደዚያው ከፍ አድርጋ አስከተለች።

መጥታ ጭኔ ላይ ወጣች፣ እግሯን ወደ ጉድጓዱ አንጠለጠለች። ከዚያ እጇን ሰድዳ አዲሱን ድር ጨበጠች፤ ሳበችው፣ በጠሰችው፣ ደግማም በጠሰችው።

ተይ አላልኳትም።